የአሥራ አንድ ዓመት አራስ

ጥር 12

እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ልጅቱም ደህና ናት፤ ባሌም ከእንቅልፍ ማጣት በቀር ደህና ነው። ትናንት አንዱን ደንበኛ ፂሙን ላጭቶ ሲጨርስ «እግዜር ያሳድግልህ» ብሎ ሸኝቶታል። ሰውዬው ፂሙን ይሁን ምኑን ሳይገባው አሜን ብሎ ሄደ አሉ። ፀጉር አስተካካይ ሲያገቡ ይህም አለበት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። የዕቃ መኪናው ሾፌር በር ድረስ አምጥቶ «ከላይ ያለችው ናት የላከችልሽ» አለኝ። ድልድይ ሥራ ላይ ክሬን እንደምትነጂ ባላውቅ ኖሮ ከሰማይ የመጣ መልእክት መስሎኝ እደነግጥ ነበር። ለመሆኑ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ስልክ የሚሠራው መቼ ነው? ድልድዩ ሲያልቅ እንዳትይኝ።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። ማንን ትመስላለች? ማንንም። የተቆጣ ሽማግሌ ነው የምትመስለው። ስም ገና አላወጣንላትም፤ ለጊዜው ሚጢጢ እንላታለን። ትጠባለች ወይ? አውቶብስ እንዳያመልጠው እንደሚጎርስ ሰው ነው የምትጠባው። ማን ያጥባል? ባሌ። ማን ያበስላል? እሱው። ከሾርባ ሌላ አያውቅም፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሾርባ ጠጥቼ ስራመድ ሆዴ እንደ ጀሪካን ይንቦጫቦጫል። የተሰፋው ቦታ ያማል ወይ? ስቀመጥ ያማል፣ ስነሳ ያማል፣ በመካከሉ ደህና ነኝ።

ስለ ደሙ የጠየቅሽኝን ግን አልመልስም። «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው፣ ጠረኑስ?» ትያለሽ? ደብዳቤውን እኮ ጮክ ብሎ ያነበበልኝ ባሌ ነው! ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪ። የስፌት ቤቱ ባለቤት መጥታ ነበር። የተማሪዎች ደንብ ልብስ ትእዛዝ ደርሶባታል፤ እኔ ጨርቁን ካልቆረጥኩ ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ነው የሚውሉት። ከነገ ጀምሮ ግማሽ ቀን እሄዳለሁ። ወንበር እሰጥሻለሁ ብላኛለች፤ ሚጢጢንም ከአጠገቤ አስተኛታለሁ። ቤት ተኝቼ ጣሪያ ከማይ አይሻልም?

የምትወድሽ፣
ድንቢጥ


ጥር 18

ድንቢጤ፣

እንኳን ለእናትነት አበቃሽ። ባለፈው ብዬሻለሁ፤ አሁንም ልበልሽ።

ደብዳቤሽን ካቢኑ ውስጥ ሆኜ፣ አርባ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሲሚንቶ መኪናው እስኪደርስ አነበብኩት። ታች ያለው ምልክት ሰጪ በራዲዮ «ምን ያስቅሻል?» ቢለኝ የባልሽን ነገር ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ ካምፑ ሙሉ ብሎን ሲቀባበል እንኳ «እግዜር ያሳድግልህ» ሆኗል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስምንት ጥያቄ ጠይቄሽ ስድስቱን መለስሽ። አንዱን ቀለድሽበት፤ አንዱን ጭራሽ ዘለልሽው። የዘለልሽው ስለ ትኩሳት የጠየቅኩሽን ነው። ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ስትደብቂ አውቅሻለሁ።

አትቆጪ ብለሻል፤ ተቆጥቻለሁ። ወልደሽ በአሥረኛው ቀን መቀስ መጨበጥ ምን ይሉታል? ስሚኝ፤ ደሙ እየሳሳ፣ እየገረጣ መሄድ አለበት። ከገረጣ በኋላ ተመልሶ ከቀላ ሰውነትሽ ተቀመጪ እያለሽ ነው። ሞዴሱ በሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ እንቁላል የሚያህል የረጋ ደም ከወጣ፣ ጠረኑ ከከፋ፣ ብርድ ብርድ ካለሽ፣ ሾርባው ይድረስ አትበይ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ። አንድ እግርሽ ብቻ ቢያብጥና ቢያምሽም እንደዚያው። ከልጅቱ የሚከብድ ነገር አታንሺ። ሽንት ቤት ስትወጪ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ፣ ከፊት ወደ ኋላ። ውኃ ጠጪ። ልጅቱ ስትተኛ ተኚ፤ ዕቃው ሳይታጠብ ቢያድር ማንም አልሞተም።

አንተ ፀጉር አስተካካይ፣ ይህን ጮክ ብለህ እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ። መቅላቱን ተወውና አንገቷን ዳስስ፤ ትኩስ ከሆነች እሺ ባትል እንኳ ተሸክመህ ውሰዳት። የሰው ራስ ቀኑን ሙሉ ስትዳብስ ትውል የለ?

ድንቢጤ፣ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው አትበይኝ። ከላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያያል።

እህትሽ


የካቲት 9

እትዬ፣

ሦስት ሳምንት ዝም ማለቴን ይቅር በይኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። በሁለተኛው «ዝምታሽ ጆሮዬን አደነቆረው» ብለሽኛል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ፤ ሰሞኑን ግን የማያስለቅሰኝ ነገር ስለሌለ ብዙ አትኩሪ።

ሆስፒታል ነበርኩ። ስድስት ቀን። አሁን ቤቴ ነኝ፤ ድኛለሁ፤ አትደንግጪ። ባሌ በኩባንያችሁ ራዲዮ መልእክት ልላክ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት። አርባ ሜትር ላይ ሆነሽ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

የጠየቅሽኝን አሁን ልመልስ። አዎ፤ ያን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ደሙ ገርጥቶ ነበር። ስፌት ቤት በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ግን ጥቅል ጨርቅ ከመደርደሪያ ሳወርድ እግሬ ድረስ ሞቀኝ። ማንም ሳያይ ጠርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። በማግስቱ ጠረኑ ተለወጠ። «የወለደች ሴት እንዲህ ናት መቼስ» አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የአንቺ ደብዳቤ የደረሰው ያን ዕለት ነው፤ ቀኑን ቆጥሬ ገረመኝ። ባሌ እያነበበ «አንተ ፀጉር አስተካካይ» ላይ ደረሰ። ወረቀቱን ጣለና አንገቴን ዳሰሰኝ። ከዚያ ሚጢጢን ለጎረቤት ሰጥቶ እኔን እንዳልሽው ተሸክሞ ወጣ። ከቤታችን የተያያዘውን ሱቁን እንኳ አልዘጋውም፤ አንድ ደንበኛ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ሰውዬው እስከ ሰኞ ኮፍያ አድርጎ ዋለ አሉ።

ማህፀኔ ውስጥ ቁራጭ የእንግዴ ልጅ ቀርቶ ኖሯል፤ እሱ ነው የመረቀዘው። አወጡልኝ፤ መድኃኒት በደም ሥር ሰጡኝ። ሐኪሟን «ሥራ በመግባቴ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሕመሙን ሥራው አላመጣውም፤ ግን ሰውነትሽ ሲጮህ እንዳትሰሚው አድርጎሻል። ሁለት ቀን ብትቆዪ ኖሮ እዚህ ቁጭ ብለን አናወራም ነበር» አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ ደክሟት ነበር።

ሌላም አለ። ለባሌ ብቻ ነው የነገርኩት። ሚጢጢ ስታለቅስ ግድግዳውን የማይበት ጊዜ አለ። እሰማታለሁ፣ ግን የጎረቤት ልጅ የምታለቅስ ይመስለኛል። ነርሷ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ «ደስታሽ የት ሄደ?» አለችኝ። «እንጃ፣ አላየሁትም» አልኳት፤ ለመቀለድ ብዬ ነው፣ ግን መሃል ላይ አለቀስኩ። ይህም እንደ ትኩሳቱ ሕመም ነው፣ ይታከማል አለችኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ የማነጋግራት ሴት አለች። ባሌ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁን ይዘጋና ያደርሰኛል።

እትዬ፣ እኔም ልጠይቅሽ። ከየት አወቅሽው አትበይኝ ብለሻል፤ እኔ ግን እላለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አንቺ ያለ ልጅ ከሆስፒታል የተመለስሽ ቀን ትዝ ይለኛል። በስድስተኛው ቀን ብርድ ልብስ ስታጥቢ ነበር። እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሥራ ሐዘን ያስረሳል፣ ተዉአት» ትል ነበር። ያን ጊዜ ምን ሆነሽ ነበር?

ድንቢጥሽ


የካቲት 15

ድንቢጤ፣

ተመስገን። ደብዳቤሽን ያነበብኩት መሬት ላይ ሆኜ ነው፤ ሾፌሩ «ወንበር ላምጣልሽ?» አለኝ፣ ፊቴ ምን እንደሚመስል እንጃ። ባልሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። ያን ግማሽ ራሱን የተላጨ ሰውዬም ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ እንዳትቀሪ። ጥሩ ሲሰማሽም እንዳትቀሪ።

እዚህ ደህና ነው። የድልድዩ ሁለቱ ጫፎች መሃል ላይ ሊገናኙ ስድስት ሜትር ቀርቷቸዋል። ነፋስ በዝቷል።

የጠየቅሽኝን አንብቤዋለሁ።

እህትሽ


የካቲት 17

ድንቢጤ፣

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩልሽን መኪናው ይዞት ሄዷል። ዛሬ ነፋሱ ስለበረታ ክሬኑ ቆሟል፤ ክፍሌ ተቀምጫለሁ። ይህን አንብበሽ ቅደጂው። ለባልሽም አታስነብቢው።

ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ልጁ ወንድ ነበር። አላሳዩኝም፤ እኔም አሳዩኝ አላልኩም። ይህን ታውቂዋለሽ፣ ሌላ የማውቀው የለም። እናንተ ያላወቃችሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ልጅ ያላት ሴት አራስ ትባላለች፤ ሰው ይጠይቃታል፣ ተኚ ይላታል። ልጅ የሌላት ምን ትባላለች? እኔም መተኛት አፈርኩ። ምን ይዤ ልተኛ? ብርድ ልብሱን አወጣሁ። ውኃ ሲነካው ሁለት ሰው የሚያነሳው ዓይነት ነው፤ ብቻዬን ጨምቄ ገመድ ላይ ሳሰጣው ታች የሆነ ነገር ሲወርድ ተሰማኝ። ሕመም አልነበረም። አንድ ነገር ከቦታው ሲለቅ ነው። ማታ ስታጠብ ዳሰስኩት፤ እንደ እንቁላል ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ሲያስለኝ ሽንት ያመልጠኛል፤ ስስቅ ያመልጠኛል፤ ዕቃ ሳነሳ ያመልጠኛል። ይድናል ብዬ ጠበቅሁ። ቆይቼ መጠበቁን ተውኩት።

ባሌን የፈታሁት ጨካኝ ስለሆነ መስሏችሁ ለዓመታት ስትረግሙት ኖራችኋል። ያ መካኒክ ባሌ ጨካኝ አልነበረም። አልጋዬን ለየሁ። ጠረኔ ይሸተዋል ብዬ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በር ላይ ቆሞ «ጠላሽኝ ወይ?» አለኝ። አዎ አልኩት። እውነቱን ከመናገር እሱ ቀለለኝ።

ክሬን ለምን እንደወደድኩ አሁን ይገባሻል። እዚያ ላይ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ውኃ አልጠጣም፤ እስክወርድም አልጠጣም። ከውስጥ ሁለት ፎጣ አደርጋለሁ። ኩላሊቴን አንዳንዴ ያመኛል። አንቺን ውኃ ጠጪ የምልሽ እኔ ነኝ፤ እስኪ ሳቂ።

ያወቅሁትን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣ፣ ከሬዲዮ፣ ስለ አራስ የተጻፈውን ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ለቃቅሜ አንብቤያለሁ። ለሌላ ሰው ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር። ለካ ለአንቺ ኖሯል።

እህትሽ


የካቲት 26

እታለም፣

አልቀደድኩትም። ለባሌም አላስነበብኩትም። ልብስ ሣጥኔ ውስጥ፣ የሚጢጢ ልብሶች ሥር ነው ያለው።

ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። መጀመሪያ የኔን ጥፋት ልናገር። ያን ዕለት ብርድ ልብሱን ስታጥቢ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። «ስትጨርሺ የኔንም የደንብ ልብስ እጠቢልኝ» አልኩሽ። አንቺም እጅሽን ዘረጋሽ፤ ሰጠሁሽ። ይህ ትዝ ይልሻል? እኔ ረስቼው ነበር። ደብዳቤሽን ሳነብ የእጅሽ አዘረጋግ መጣብኝ። ልጅ ነበርኩ፤ ግን ዓይን ነበረኝ። ይቅር በይኝ፣ እትዬ።

አሁን ትቆጫለሽ። ጠይቄያለሁ። ስምሽን አልጠራሁም።

ሆስፒታል የሰውነት እንቅስቃሴ የምታስተምረን ሴት አለች። ወንድ የምትመስል፣ ክንደ ወፍራም፣ ድምፀ ቀጭን። ሁላችንንም አስተኝታ «ሽንታችሁን እንደምትይዙ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፣ እስከ አምስት ቁጠሩ፣ ልቀቁ፤ ትንፋሽ አትያዙ!» ትለናለች። ክፍሉ ሙሉ ሴት ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ ሲቆጥር ብታዪ ትስቂ ነበር። ሲያልቅ ቀረት ብዬ የነገርሽኝን ነገርኳት።

«ለራስሽ ነው?» አለችኝ።

«ለእህቴ ነው።»

«ሁሉም ለእህቴ ነው የሚሉኝ።»

«የኔዋ እውነተኛ እህት ናት! ክሬን ትነዳለች!»

ሳቋን ስትጨርስ እጄን ያዘችኝ። እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «ይህ የማህፀን መውረድ ነው። በጣም ብዙ ሴት አለባት፤ ማንም ስለማይናገር ነው ብቻሽን የሆንሽ የሚመስልሽ በያት። ቀላል ከሆነ በእንቅስቃሴ ይሻላል። ከዚያ ካለፈ ደግፎ የሚይዝ ቀለበት ይገባል። ከዚያም ካለፈ ይሰፋል። አሥራ አንድ ዓመት ስለቆየ አይድንም ያላት አለ?» ማንም አላላትም አልኳት። «እንግዲያ ራሷ ናት ያለችው።»

ከካምፓችሁ ግማሽ ቀን በመኪና ትልቁ ከተማ ውስጥ የሴቶች ሆስፒታል አለ። ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ። መጋቢት 17፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ተናደጂ፤ ንዴትሽን ይዘሽ ሂጂ። እኔ ሕመሜን እንድናገር ስድስት ገጽ የጻፍሽው ሴት አንቺ ነሽ። የጻፍሽውን ራስሽ አንብቢው።

ስለኔም ልንገርሽ። ማክሰኞ አልቀረሁም። የስፌት ቤቱ ባለቤት መጥታ ነበር፤ «እስከ ሦስተኛው ወር አልመጣም» አልኳት፤ ፊቷን ቋጥራ ወጣች፣ በማግስቱ ለልጅቱ ቀሚስ ሰፍታ ላከች። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ሚጢጢ አስነጠሳት። አስነጥሷት ራሷ ደነገጠች፤ ማን ነው ብላ ዞር ዞር አለች። ሳቅኩ። ከልቤ። ባሌ ከሱቁ ምላጭ ይዞ ሮጦ መጣ፤ ሳቄን ከረሳው ቆይቷል መሰለኝ ለቅሶ መስሎታል። የኔ ልጅ ናት፣ እትዬ። ያን ዕለት አወቅኳት።

ውኃ ጠጪ።

ድንቢጥሽ


መጋቢት 4

ድንቢጤ፣

ተናድጄ ነበር። ሁለት ቀን። በሦስተኛው ቀን የካምፑ ምግብ ሠሪ ንዴቱን አስጣለችኝ።

ስለ እሷ ጽፌልሽ አላውቅም። ነጎድጓድ ነው የምንላት፤ ቁርስ ደረሰ ስትል ሸለቆው ማዶ ይሰማል። ጠዋት ሻይ ስትቀዳልኝ እንደ ሁልጊዜው ብርጭቆውን በእጄ ከደንኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አራት ዓመት ሙሉ ሻዬን እንዲህ ስትከለክይው አያለሁ። ምን አደረገሽ?»

«አይስማማኝም።»

«ሻዩ ነው ወይስ መውጫው የማይስማማሽ?»

ድንቢጤ፣ እጄን ከብርጭቆው አነሳሁ። እሷ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ተናገረች። «እኔም አለብኝ» አለችኝ። ከአራተኛ ልጇ ጀምሮ። ድስት ስታነሳ ሁልጊዜ የምትጮኸው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስትጮህ ሰው ድምፅዋን እንጂ እሷን አያይም። የሲሚንቶ መመርመሪያ ክፍል የምትሠራው ልጅም ባለፈው ዓመት ከወለደች ወዲህ እንደዚያው ናት። ሦስት ሴት፣ አንድ ካምፕ፣ አንድ ገበታ፣ ሁላችንም ሻይ አንጠጣም! እኔ እዚያ ላይ ብቻዬን የተቀመጥኩ መስሎኝ።

እንዲህ ሆነና ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄድኩ። ድልድዩ ሊገጥም ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ማየት አይወድም።

«ስንት ቀን?» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ሦስት ወር።»

ቀና አለ። «ሦስት ወር! የምን ፈቃድ ነው?»

«የወሊድ።»

ሆዴን አየ። ፊቴን አየ። «ወለድሽ እንዴ?»

«አዎ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ እኔም ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በሩን ዘጋ። ወንበር ሳበልኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። «ሁለተኛው ክሬን ነጂ ይሸፍናል» ብሎ ፈረመ። ልወጣ ስል «በዚህ ሁሉ ጊዜ ክሬኑ ሥር ሽንት ቤት እንኳ አልሠራንልሽም፣ አይደለም?» አለኝ። አልሠራችሁም አልኩት። አጎንብሶ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ነጎድጓድ አብራኝ ትሄዳለች። የሲሚንቶ መመርመሪያዋ ትንሿ ልጅ «መኪና ውስጥ ቦታ ካለ እኔም» አለች፤ ቦታ አለ።

ፈርቻለሁ። ከአርባ ሜትር ታች ማየት አያስፈራኝም፤ የመመርመሪያው አልጋ ላይ እግሬን መስቀል ግን ያስፈራኛል። ካለፈው ጊዜ ወዲህ እግሬን እንደዚያ አላነሳሁም።

የደንብ ልብሱ ትዝ ይለኛል። ሰማያዊ ነበር። የተቀበልኩሽ ያን ዕለት ስሜን የጠራሽኝ አንቺ ብቻ ስለሆንሽ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ይቀንስ ነበር። አንቺ እንደ ወትሮው አዘዝሽኝ። ይቅር የሚባል ነገር የለም።

እህትሽ


መጋቢት 11

እታለም፣

ይህ አጭር ነው፤ ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

ብመጣልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሐኪሟ ረጅም መንገድ ገና ነው አለችኝ፤ ታዝዣለሁ፤ እይኝ እንዴት እንደምታዘዝ። እግርሽን ስታነሺ ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው እንዲነግሩሽ ጠይቂ። ቁሙ ካልሽ መቆም አለባቸው። ያለፈውን ልጅ ነገርም ንገሪያቸው፤ ባትጠየቂም ንገሪያቸው። ሲጨንቅሽ ነጎድጓድን በሩ ላይ አስጩሂያት።

ከሆስፒታል ስትወጪ ወደ ካምፕ ትመለሺና ወዮልሽ። እኛ ቤት ነው የምትመጪው። ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ባሌ ቀለም እየቀባው ነው። ሾርባ እያሻሻለም ነው።

ዛሬ ስምሽን ጠርቼ ለሚጢጢ አወራኋት። አዳመጠችኝ። ከዚያ ትውኪያ ለቀቀችብኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ እንጃ።

ድንቢጥሽ


መጋቢት 29

ድንቢጤ፣ የኔ ድንቢጥ፣

ከተኛሁበት ነው የምጽፍልሽ፤ ለፊደሌ መንጋደድ ይቅርታ። ተሰፍቻለሁ። ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው።

ቀለበት አይበቃውም አሉኝ፤ ብዙ ቆይቷል። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ካንቺ ብዙም አትበልጥም። እንዳልሽኝ አስቀድሜ ሁሉን ነገርኳት። ልጁንም። «ስም ነበረው?» አለችኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ነበረው፤ ለመካኒኩ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ለእሷ ነገርኳት። ስትመጪ ለአንቺም እነግርሻለሁ፤ ወይም ስመጣ፤ ማን ወደ ማን እንደሚመጣ ተምታታብኝ፣ መድኃኒቱ ነው።

ነጎድጓድ በቀለበት ተገላግላ ወደ ድስቷ ተመልሳለች። ለትንሿ ልጅ እንቅስቃሴው ይበቃታል ተባለ፤ ስንመጣ መኪና ውስጥ ሁላችንም ዓይናችንን አፍጥጠን እስከ አምስት ስንቆጥር ሾፌሩ አደጋ ያየን መስሎት ሁለቴ ፍሬን ያዘ። ድልድዩም ገጥሟል፤ እኔ ሳልኖር። ቅር ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

ስለ ውኃ ልንገርሽ። በአራተኛው ቀን የሽንቱን ቱቦ አወጡልኝና ነርሷ ሁለት ብርጭቆ ሞልታ አመጣች። «ጠጪና ሳዪልኝ» አለች። ጠጣሁ። ለማሳል ፈራሁ። «እስኪ!» አለችኝ። ሳልኩ። ምንም። አንድ ጊዜ ጨመርኩ። ምንም። ድንቢጤ፣ እንደ እብድ ስስል ከጎኔ ያለችው ታካሚ ሳንባዬን ያመመኝ መስሏት ፊቷን ሸፈነች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ነርሷ ብርጭቆውን ወስዳ ሞልታ መለሰችልኝ፤ እሱንም ጠጣሁት።

ለመካኒኩ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ የሚመለስ ነገር የለም። ግን ያን ዕለት በር ላይ የጠየቀኝን በትክክል መመለስ ነበረብኝ። «አልጠላሁህም፤ ታምሜ ነበር» አልኩት። ከዚያ በላይ አልጻፍኩም።

ሚያዝያ 6 ይለቁኛል። እናንተ ዘንድ ነው የምመጣው፤ ባልሽ ሾርባውን ያዘጋጅ። ግን ከወዲሁ ላስጠንቅቅሽ፣ ዋጋ የሌላት እንግዳ ነኝ። ሐኪሟ እስከ ስድስት ሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ አታነሺም ብላለች። «በቀን ሰማንያ ቶን ብረት አነሳለሁ እኮ» ብላት «አሁን ማንቆርቆሪያውን ነርሷ ታንሳልሽ» አለችኝ። ቤት አልጠርግም፣ ልብስ አላጥብም፣ ባልዲ አልነካም። እናንተ ዘንድ ተኝቼ እበላለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቀላል፣ ግን አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።

ሚጢጢ እስካሁን አምስት ኪሎ ሳትሞላ አትቀርም። እሷንም ማንሳት አልችልም ማለት ነው። ይህ አስጨንቆኝ ትናንት ሐኪሟን ጠየቅኳት። ማንሳት ነው የተከለከልሽው እንጂ መያዝ ማን ከለከለሽ አለችኝ። ስለዚህ መስኮቱ አጠገብ ደህና ወንበር አስቀምጪልኝ። መጥቼ ልቀመጥ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ፣ እጄን ልታጠብ። ከዚያ አንቺ አንስተሽ ጭኔ ላይ አስቀምጪልኝ።

እህትሽ